ለወረዳችን የመሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦ እናቴ መሬቷን ለውጡልኝ አላለችም

ጤና ይስጥልኝ። ከጎንደር በአዘዞ በኩል ሚኒባስ እየያዝኩ ቢሮዎ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ፣ ሦስቱን ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፣ በአራተኛው ማመልከቻዬን ተቀብለው የመዝገብ ቁጥር እንኳ ሳይሰጡኝ መለሱኝ። ስለዚህ አሁን ሰው ሁሉ እያየ ልጽፍልዎ ነው።

ጉዳዩን ያውቁታል። የተበታተነው ማሳ አንድ ላይ ተያይዞ ኩታ ገጠም ይሁን ተብሎ ሲሸጋሸግ እናቴ የወንዙን ዳር ሁለት ጥማድ ልቀቂ ተባለችና ተረተሩ ስር ሁለት ጥማድ ተሰጣት። ባለሙያችሁ "ሁለት ለሁለት ነው፣ ምን ጎደለባት" አለኝ። የጎደለባትማ ይኸው፦ የወንዙ ዳር ዋልካ ነው፣ ውሃ የሚይዝ ጥቁር አፈር፣ ክረምቱ ሲወጣ በያዘው እርጥበት ብቻ ሽምብራ ያበቅላል፣ በበጋ ደግሞ ውሃ እየጠለፈች ነጭ ሽንኩርት ታለማበታለች። የተሰጣት ጭንጫ ነው፣ ማረሻ ሲገባበት ድንጋይ ነው የሚያወጣው። በድሮ ግብር እንኳ መሬት ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ ይለይ ነበር እኮ፣ እናንተ ገመድ ብቻ ይዛችሁ ወጣችሁ!

ያን የወንዝ ዳር መሬት በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ በስሟ ነው ያገኘችው። የውሃ ማፋሰሻውን ቦይ በእጇ ቆፍራ፣ ፍግ በጀርባዋ ተሸክማ ነው እዚህ ያደረሰችው።

"ፈርማለች" ትሉኛላችሁ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ አውራ ጣቷን ነው ያስነካችኋት፣ ያውም የማዳበሪያ ምዝገባ ነው ተብላ። የዛን ቅዳሜ ልጠይቃት ስሄድ ጣቷ ገና ሰማያዊ ነው፣ በአመድ እያሸች "ዘንድሮስ ማዳበሪያው ቶሎ ሊመጣልን ነው ልጄ" ነው ያለችኝ ደስ ብሏት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፣ ምንድነው የፈረምሽው ብዬ አልጠየቅኳትም።

የክልሉን የገጠር መሬት አዋጅ 252/2009ንም አዲሱን የፌዴራል 1324/2016ንም ከኔ በላይ ያውቋቸዋል። መሬት ለመሬት መለዋወጥ በባለይዞታው ፈቃድ ነው፣ በኮሚቴ ውሳኔ አይደለም። የመሬት ይዞታ ደብተሯ ላይ ፎቶዋ አለ፣ ካርታው ዛሬም የሚያሳየው የወንዙን ዳር ነው።

ኩታ ገጠምን ጠልቼ አይደለም፣ ልጅ ሆኜ ከአንዱ ቁራጭ ማሳ ወደ ሌላው በሬ ስነዳ ነው ያደግኩት፣ ድካሙን አውቀዋለሁ። ግን መጀመሪያ አፈሩ ይታይ፣ ባለቤቷም አውቃ ትስማማ።

ቦዩን አሁን ደፍነውታል። ሰኔ ሳይገባ ይምጡና ሁለቱንም ማሳ በእግርዎ ይርገጡት፣ ከሁለቱም አንዳንድ እፍኝ አፈር ዘግነው ያስተያዩት። እናቴ እዛው ማሳው ላይ ትጠብቅዎታለች።