ዓይኑን በክር ጥለፊው

ልጄ፣

እህትሽ ትናንት ማታ በኪሮሽ የሠራሽውን የአሻንጉሊት ድብ ፎቶ ላከችልኝ። "እዪልኝ፣ ትዕዛዝ መቀበል ጀመረች" ብላ። ጆሮው፣ ሆዱ፣ አፍንጫው ሁሉ ያምራል። እጅሽ ከኔ እጅ በልጧል፤ ልጄ ስለሆንሽ አይደለም እንዲህ የምለው። ከዚያ ፎቶውን አጉልቼ ዓይኑን ሳየው እንቅልፌ ጠፋ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ የልብስ ቁልፍ። ያውም ለ6 ወር ሕፃን!

በስልክ ብነግርሽ "እማዬ፣ ደግሞ ጀመረሽ" ትያለሽ። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን።

ዓይኑን በክር ጥለፊው። ቁልፎቹን ዛሬውኑ ቁረጪና አውጪ። አስረክበሽው ከሆነ ደውለሽ መልሺው፤ አትፈሪ፣ ሴትዮዋ ታመሰግንሻለች። ሌላውን በኋላ ታነቢዋለሽ።

"አጥብቄ ነው የሰፋሁት" እንደምትዪ አውቃለሁ። እኔም ብዬ ነበር። እሱን እመጣበታለሁ።

ከውስጥ በክብ መቆለፊያ የሚያዘው የፕላስቲክ ዓይንም ለሕፃን አይሆንም። ስሙ "ሴፍቲ አይ" ስለሆነ ብዙ ሰው ይታለልበታል። መቆለፊያው ራሱ ላይላቀቅ ይችላል። ግን የኪሮሽ ሥራ ይለጠጣል። ሕፃኑ ሲያኝከው፣ ሲጎትተው፣ ደጋግሞ ሲታጠብ ቀዳዳው ይሰፋና ዓይኑ ከነመቆለፊያው ሹልክ ብሎ ይወጣል። 3 ዓመት ላልሞላው ልጅ ቁልፍም፣ ዶቃም፣ የፕላስቲክ ዓይንም የለም። በቃ። የተኛ ድብ አስመስለሽ በጥቁር ክር ሁለት ቅስት አድርጊለት፤ እንዲያውም የተኛ ፊት የበለጠ ያሳሳል።

ፋብሪካዎች አሻንጉሊት የሚፈትሹበት ትንሽ ሲሊንደር አለ። ስፋቱ 31.7 ሚሊሜትር ነው። ሳይጨመቅ ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ የሚገባ ነገር ለሕፃን አደገኛ ነው ተብሎ ይጣላል። አንቺ ጋ ሲሊንደሩ የለም፣ ሶፍት ሲያልቅ የሚቀረው ካርቶን ግን አይጠፋም። ካርቶኑ ትንሽ ሰፋ ስለሚል ፈተናው ይጠብቃል፤ ይጥበቅ። ከድቡ ላይ ሊነቀል የሚችል ነገር በካርቶኑ ውስጥ ካለፈ፣ ድቡ ላይ አይኑር።

አሁን ወደ ወንድምሽ።

እኛ ቤት "የኮቱ ቁልፍ" ሲባል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ወንድምሽ 8 ወሩ ሳለ የአባትሽን የኮት ቁልፍ ወለል ላይ አግኝቶ አፉ ውስጥ ከተተው፣ አነቀው፣ አባትሽ በክንዱ ላይ በደረቱ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ጀርባውን በመዳፉ ሲመታው ወጣ። እንዲህ ነው የሰማችሁት። እንዲህ ነው አባትሽም የሚያውቀው።

ቁልፉ የኮቱ አልነበረም።

ለወንድምሽ አንዲት ጥንቸል ሠርቼለት ነበር። ግራጫ፣ ጆሮዋ ረጅም። ዓይኖቿን ከቁልፍ ሣጥኔ መርጬ ነው የሰፋኋቸው፤ በድርብ ክር፣ አራት አምስት ጊዜ አመላልሼ። ድፍን ሁለት ወር ሲያኝካት ከረመ። ክሩ ቀስ በቀስ በምራቁ እየራሰ፣ በድዱ እየተፈተገ ሲሳሳ ማን አየ? ያን ቀን ልብስ እያጠፍኩ ነበር። የሰማሁት ድምፅ የለም። እሱ ነው እስካሁን የሚያስፈራኝ። ልጅ ሲታነቅ አይጮኽም። ዞር ስል ፊቱ ጠቁሯል።

ቁልፉ ወለሉ ላይ ሲወድቅ አባትሽ ኮቱን አየ። የዚያን ዕለት አንድ ቁልፍ ጎድሎት ነበር፣ እሱም ጥቁር። ፊቱ አመድ መሰለ። "የኔ ነው" አለ።

እኔ ዝም አልኩ።

ማታ ሁሉም ሲተኛ ጥንቸሏን አወጣኋት። አንድ ዓይን ነበራት። ጠቅልዬ ቁም ሣጥኑ ሥር ሸጎጥኳት፤ "ስትታጠብ ተበላሸች" አልኳቸው። አባትሽ ያንን ኮት ዳግመኛ አልለበሰውም፣ ለሰው ሰጠው። አንቺ መዳህ ስትጀምሪ በየማታው ምንጣፉን እያነሣ ይፈትሽ የነበረውን ታስታውሻለሽ? አታስታውሺም፣ ትንሽ ነበርሽ። እህትሽን ጠይቂያት። አሁንም ከቤት ሲወጣ የልብሱን ቁልፎች አንድ በአንድ ይነካካል። እናንተ ትስቁበታላችሁ። እኔም አብሬያችሁ ስቄያለሁ።

"ኪሮሽ ለምን አላስተማርሽኝም?" ስትዪኝ "ዓይኔ ደክሟል" ያልኩሽ ውሸት ነበር። ከጥንቸሏ በኋላ ከጠረጴዛ ዳንቴል ሌላ አልሠራሁም። አንቺ ከስልክ ላይ አይተሽ ተማርሽ። ያንን ማስተማር የኔ ፋንታ ነበር።

እሺ። ወደ ሥራሽ።

ክሩ ጥጥ ይሁን። ፀጉራሙ ክር አፉ ውስጥ ይረግፋል። ያ እንደ ቬልቬት የሚለሰልሰው ክርም ሲጎተት ይበናል፤ ለስላሳነቱ አያታልልሽ። የክሩ መጠቅለያ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ቀጠን ያለ ኪሮሽ ያዢ፤ 3.5 ሚሊሜትር ካለ በ2.5 ሥሪው። ጣትሽን ያምሻል፣ ይመምሽ። ከሞላሽው በኋላ ወደ ብርሃን ያዢውና እዪ፤ ሙሌቱ በክፍተቱ ብቅ የሚል ከሆነ ላልቷል፣ ፍቺው።

ሙሌቱ ትራስ ውስጥ የሚገባው ነጭ ፋይበር ይሁን፣ አዲስ። ሩዝና ባቄላ እንዳታስቢ። አንዲት ስፌት ከተፈታች ለሕፃን ማነቂያ ነው፤ ሲታጠብም ይሻግታል። የተረፈ ክር ቁርጥራጭም አትሙዪበት። አንድ ክር በቀዳዳው ወጥቶ የሕፃን ጣት ላይ ከተጠመጠመ ደም ያቆማል፤ እናት ለምን እንደሚያለቅስ ሳታውቅ ሰዓቱ ይነጉዳል። ዘፈን የሚያወጣውን ባለ ትንሽ ባትሪ ነገር ደግሞ አጠገብሽም አታድርሺ። ያቺ ክብ ባትሪ ከተዋጠች 2 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጉሮሮ ታቃጥላለች።

እጅና እግሩን ለብቻ ሠርተሽ ከምትሰፊ ከአካሉ ጋር አያይዘሽ ብትሠሪው ይሻላል። ጆሮው የግድ ከተሰፋ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ስፊው፣ የክሩን ጫፍም ወዲያና ወዲህ አመላልሰሽ ቅበሪው። በአውሮፓ ደንብ እንዲህ ያለው ነገር በ90 ኒውተን ተጎትቶ ነው የሚፈተሸው፣ ወደ 9 ኪሎ ክብደት ማለት ነው። 9 ሊትር ውሃ ያለበት ባልዲ ጆሮው ላይ አንጠልጥዪ። ሳቂ ግድ የለም፣ ግን አንጠልጥዪው።

አንገቱ ላይ ያሰርሽውን ቀይ ሪባንም አይቻለሁ። ፍቺው። ለዚህ ዕድሜ የሚንጠለጠል ገመድ 22 ሴንቲሜትር መድረስ የለበትም፤ አንገት ላይ ደግሞ ጭራሽ ባይኖር ይሻላል። ክሩ ቀለም ይለቅ እንደሆነ በረጠበ ነጭ ጨርቅ አሽተሽ እዪ፤ ቀዩ በተለይ ያስቸግራል። አጥበሽ፣ እስከ ውስጡ አድርቀሽ ስጪ።

ለእናቲቱም ንገሪያት፦ ዓመት እስኪሞላው ድቡ ሕፃኑ የሚተኛበት አልጋ ላይ አይቀመጥ። ለስላሳ ነገር ፊቱ ላይ ቢያርፍ ገፍቶ ማንሣት አይችልም። ድቡ የጨዋታ ነው፣ ሰው እያየ። አንቺ ብትነግሪያት ትሰማሻለች፣ ሠሪዋ ነሽና።

ዓይኑንም በክር ጥለፊው። አውቃለሁ፣ ብዬዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለእህትሽ አታሳዪያት፤ ለአባትሽ ዛሬውኑ ትነግረዋለች። ከኔ ነው መስማት ያለበት። ስንት ጊዜ ልነግረው አፌን ከፍቼ "ሻይ ላምጣልህ?" ብዬ ተመልሻለሁ። ሊቆጣ ይችላል። ባይቆጣ ነው የሚከብደኝ።

ቅዳሜ ስትመጪ ድቡን ያለ ዓይን ይዘሽው ነይ። ዓይኑን እኔ እጠልፈዋለሁ፣ አባትሽ ፊት ቁጭ ብዬ። ያኔ እነግረዋለሁ። ጥንቸሏም አለች፤ እስከ ዛሬ አልጣልኳትም።

ጥቁር ክር አለኝ። መርፌ ግን ቀዳዳው ሰፋ ያለ አምጪ፤ የኔን ማስገባት እያቃተኝ ነው፣ ይኼኛው እውነት ነው።

እናትሽ