ጉዳዩ፦ በጽሑፍ የተሰጠኝ ቃል ስለመታጠፉ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል፣

የላፕቶፕ ትዕዛዜ ቁጥርና ከዚህ በፊት የላክኋቸው መልእክቶች በሙሉ እጃችሁ ላይ ስላሉ ታሪኩን ከመጀመሪያው አልደግመውም። ዛሬ የምጽፈው ትናንት ከባልደረባችሁ ጋር በስልክ በተነጋገርነው ጉዳይ ነው።

ከመግዛቴ በፊት አጥብቄ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ባለ 16 ኢንቹ ላፕቶፕ ላይ ያለው አርቲኤክስ 4060 ግራፊክስ ካርድ በስንት ዋት ነው የሚሠራው? የጠየቅኩት በምክንያት ነው። የካርዱ ሠሪ ኤንቪዲያ ራሱ ለዚህ ካርድ የሚያስቀምጠው ከ35 እስከ 115 ዋት ነው። ስሙ ያው 4060 ቢሆንም ዋቱ ያነሰው ቀርፋፋ ስለሆነ ከባድ ጌም ሲከፈት ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ባልደረባችሁ በቻት "115 ዋት ነው፣ አረጋግጫለሁ" ብለው ጻፉልኝ። እኔም ይህን አምኜ ከፈልኩ።

ላፕቶፑ ሲደርሰኝ የኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነልን ከፍቼ አየሁ። ከፍተኛው የግራፊክስ ኃይል 75 ዋት ይላል። ፎቶውን ልኬላችኋለሁ። ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) አድስ አላችሁኝ፣ አደስኩ። ቻርጀር ሰክተህ ሞክር አላችሁኝ፣ ሞከርኩ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። አይልምም። ይህን የሚወስነው የላፕቶፑ አምራች ነው፤ የማቀዝቀዣውንና የቻርጀሩን አቅም አይቶ ገና ሲሠራው ይገድበዋል።

ትናንት ይህንኑ በትህትና ላስረዳ ሞከርኩ። "ያዘዝከው 4060፣ የተላከልህም 4060። ምን ጎደለህ?" አሉኝ። "የጻፉልኝ 115 ዋት ነው፣ ቻቱን ያንብቡት" አልኳቸው። "ዋት ሲያንስ እኮ ባትሪ ይቆጥብልሃል" አሉ። ጌም የሚጫወት ሰው ቻርጀር ሰክቶ ነው የሚጫወተው! ይህንን ስነግራቸው "ለጌም ብለህ ነው እንዲህ የምትጨቀጭቀን? ሥራ የለህም?" ብለው ስልኩን ዘጉብኝ።

ገጻችሁ ላይ ጌሚንግ ላፕቶፕ ብላችሁ ነው የሸጣችሁልኝ። ገንዘቤን ስትቀበሉ ማንም ሥራ የለህም ወይ አላለኝም።

እስካሁን ዝም ያልኳቸው ነገሮችም አሉ። ራሙ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ነው ተብሎ የመጣው አንድ ባለ 16 ነው። በአንድ ራም ብቻ ሲሠራ ፍጥነት እንደሚቀንስ እናንተ ሻጮቹ ታውቃላችሁ። ስክሪኑ 165 ኸርዝ መሆኑ (ምስሉ በሰከንድ 165 ጊዜ መታደሱ) እውነት ነው፤ ቀለሙ ግን የደበዘዘ ነው። ካርቶኑም ተከፍቶ እንደገና የታሸገ ነበር። ደረሰኙን ደግሞ ስንት ጊዜ ለምኜ ነው የላካችሁልኝ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ቅያሪ ብቻ ነበር። እናንተ ግን ባለ 17 ኢንቹን ውሰድ አላችሁኝ። መካከለኛ መጠን የመረጥኩት በየቀኑ በቦርሳ ስለምይዘው ነው፤ ይህንንም ነግሬያችኋለሁ። አሁን ቅያሪ አልፈልግም። ሙሉ ገንዘቤ ይመለስልኝ። የመመለሻ ማጓጓዣውንም እናንተ ቻሉ። ለትናንቱ ንግግር በጽሑፍ ይቅርታ እንድትጠይቁኝ እፈልጋለሁ። በምርት ገጻችሁም ላይ የእያንዳንዱ ላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ ዋት ይጻፍ፤ ሌላ ሰው እንደኔ እንዳይጉላላ።

እስከዚህ ሳምንት መጨረሻ መልስ ካልሰጣችሁኝ የቻቱን ቅጂ ይዤ ወደ ሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት እሄዳለሁ። እባካችሁ ስልክ አትደውሉልኝ። ከእንግዲህ የምቀበለው በጽሑፍ የመጣ መልስ ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ደንበኛችሁ