ለልጄ፦ ግሡ የት ይቀመጣል?

ውድ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ሮተርዳም ያለነው እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ «ይሄ ደች የሚሉት የሆላንድ ቋንቋ ግሡን አንዴ ፊት አንዴ ኋላ ያደርገዋል፣ ወጉ አይታወቅም» ስትዪ ሰምቼሻለሁ። ወግማ አለው። በስልክ ማስረዳቱ ስላልተመቸኝ ጻፍኩልሽ፤ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ደስ የሚልሽን ልንገርሽ። በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው የደችን ከባዱን ግማሽ ይዞ ነው የሚመጣው። «እኔ ቡና ስለምጠጣ» በይ። አሁን ደግሞ «ኦምዳት ኢክ ኮፊ ድሪንክ» በይ። ኦምዳት «ስለ»፣ ኢክ እኔ፣ ኮፊ ቡና፣ ድሪንክ መጠጣቱ፤ ተራው ያው ነው፣ ግሡም መጨረሻ ላይ። ልዩነቱ «ስለ» ላይ ብቻ ነው፤ እኛ ከግሡ ጋር እንለጥፈዋለን፣ እነሱ ፊት ያስቀድሙታል። ኦምዳት፣ ዳት («እንደ…»)፣ አልስ («ከ…» ወይም «ሲ…»)፣ ቱን (ላለፈ ነገር «በ…ጊዜ») የሚሉትን ስትሰሚ ግሡ ወደ ኋላ እንደሄደ እወቂ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሚያልበው እዚህ ጋ ነው። አንቺም ከእንግሊዝኛ እየገለበጥሽ ስለምታስቢ አብረሽው ታልቢያለሽ። እንግሊዝኛውን ተዪው።

አዲሱ ነገር ዋናው ዓረፍተ ነገር ነው። እዚያ ከባለቤቱ ጋር የሚስማማው ግሥ ሁለተኛውን ወንበር ለማንም አይለቅም። አንደኛው ላይ ማንም ይቀመጥ ማን ግድ የለውም። «ኢክ ድሪንክ ፋንዳኽ ኮፊ» ትያለሽ፤ «ዛሬ»ን ካስቀደምሽ ግን «ፋንዳኽ ድሪንክ ኢክ ኮፊ» ይሆናል፤ ኢክ ተነስቶ ከግሡ ኋላ ይሄዳል። «ፋንዳኽ ኢክ ድሪንክ» የሚሉ እዚህ ያረጁ ሐበሾች ሞልተዋል፤ ይግባባሉ፣ ግን ጆሮ ይቆረቁራል። ደግሞ ወንበሩን በቃል ብዛት አትቁጠሪ። «ኦፕ ደ ፊስማርክት ኢን ግሮኒንገን» (ግሮኒንገን ከተማ ዓሣ ገበያው ላይ) ሙሉው አንድ ወንበር ነው፤ ቀጥሎ «ኮፕ ኢክ ፊስ» (ዓሣ እገዛለሁ) ይመጣል። እኛ «እገዛለሁ» ብለን «እኔ»ን እንውጠዋለን፤ እነሱ ዘንድ ኢክን መዋጥ አይቻልም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። «ቡና ጠጥቻለሁ» ስትዪ «ጠጥቼ» እና «አለሁ» ተጣብቀው ነው። ደቹ እነዚህን ሁለቱን ይለያያቸዋል፦ «ኢክ ሄፕ ኺስተረን (ትናንት) ኮፊ ኸድሮንከን»። ሄፕ ያልሽው ያ «አለሁ» ነው፣ ሁለተኛው ወንበር ላይ ወጥቷል፤ ኸድሮንከን ደግሞ እንደኛ «ጠጥቼ» መጨረሻው ላይ ቀርቷል። በመካከላቸው የፈለግሽውን ያህል ማስገባት ትችያለሽ። ኦምዳት ከመጣ ግን ሄፕም ተመልሶ ኋላ ይሄዳል፤ «ኸድሮንከን ሄፕ» ብትዪም «ሄፕ ኸድሮንከን» ብትዪም ልክ ነው፣ በዚህ አትጨነቂ። ኦፕቤለንም (መደወል) እንዲሁ ነው፦ «ኢክ ቤል የ ሞርኸን ኦፕ» (ነገ እደውልልሻለሁ) ብሎ ይሰነጠቃል፣ ከዳት በኋላ «ኦፕቤል» ሆኖ ይገጥማል።

ይህን ከኪሴ አላመጣሁትም። ያን ኮስተር የሚባል የሆላንድ የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1975 የደች ግሥ መሠረታዊ ቦታው መጨረሻው እንደሆነ፣ በዋናው ዓረፍተ ነገር ብቻ ወደ ፊት እንደሚወጣ ጽፏል። እንግዲህ ወደ ኋላ ሲሄድ የጠፋ አይምሰልሽ፤ ቤቱ እዚያ ነው።

ከአማርኛ ጋር ፈጽሞ የሚጋጨው «ቡና የሚጠጣው ሰውዬ» ዓይነቱ ነው። እነሱ ሰውዬውን ያስቀድማሉ፦ «ደ ማን (ሰውዬው) ዲ ኮፊ ድሪንክት»። ውስጡ ግን ያው ግሡ መጨረሻ።

እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ የኢንቡርኸሪንግ ሕጉ (መጤዎች ቋንቋውንና አገሩን እንዲለምዱ የሚያስገድደው) ቢ1 የሚባለውን የቋንቋ ደረጃ ዋና ግብ አድርጎታል፤ ስለዚህ አጫጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዘሽ አትግቢ። ሆኖም ፈተናው ላይ ከጨነቀሽ ከኦምዳት ይልቅ ዋንት በይ፤ ትርጉሙ ያው ሆኖ የግሡን ቦታ አይነካም። አስተማሪሽ ይቆጣ ይሆናል፣ እኔ ግን እመክርሻለሁ። መንገድ ላይ ስትንተባተቢ ሰዎቹ ወደ እንግሊዝኛ ከዞሩብሽ፣ አንቺ በደችሽ ቀጥዪ።

እሑድ ስትደውዪ በፋንዳኽ ጀምረሽ የዋልሽበትን ትነግሪኛለሽ። ለባለቤትሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

እናትሽ