ለልጄ፦ ስለዚያ «ደም አጣቢ» መድኃኒት

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ?

የላክሽልኝን ማስታወቂያ አየሁት። «መርዛማ ብረቶችን ከደም ጠርጎ ልብን ያድሳል» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «እማዬ፣ ይሄ ላንቺ ነው» ብለሽ ጽፈሻል። ስላሰብሽልኝ ተባረኪ። ግን አልወስደውም። በስልክ ከምንጨቃጨቅ ምክንያቴን ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጥልሽ።

ማስታወቂያው ከባዶ አልተነሳም። ሊድ (እርሳስ የሚሉት ብረት)፣ ካድሚየምና አርሰኒክ የሚባሉት መርዞች ልብን ይጎዳሉ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2023 ባወጣው መግለጫ ሦስቱንም ለልብና ለደም ስር ሕመም ከሚያጋልጡ ነገሮች ውስጥ አስገብቷቸዋል።

በተለይ ሊድ ተንኮለኛ ነው። ሰውነት ካልሲየም መስሎት ያስገባዋል። ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ አጥንት ውስጥ ከገባ ግን ለአሥርት ዓመታት አይነቃነቅም። አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ካለው ሊድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው እዚያው አጥንቱ ውስጥ ነው። ሴት ስታርጥ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞኗ ይቀንሳል፣ አጥንቷ መሳሳት ይጀምራል። ያኔ በወጣትነቷ የተቀበረው ሊድ ወደ ደሟ ይመለሳል። በእርግዝናና በማጥባት ጊዜም እንዲሁ። ደም ውስጥ ሲዞር የደም ስሮችን ያደነድናል፣ ግፊትም ይጨምራል። እንግዲህ በኔ ዕድሜ ያለች ሴት ልቧ የሚጎዳው በአንድ በኩል ብቻ አይደለም።

«ታዲያ ይውጣልሻ!» ትይኝ ይሆናል። መድኃኒቱ ኢዲቲኤ ይባላል። በደም ስር ቀስ እያለ ይገባል፣ ሊዱን ይዞ በሽንት ይወጣል። በሊድ ክፉኛ ለተመረዘ ሰው ሐኪም የሚያዘው ነገር ነው። ለልብ ይረዳል ወይ የሚለውን ለማወቅ፣ ከዚህ በፊት ድንገተኛ የልብ ሕመም ያገኛቸው 1,708 ሰዎች ላይ ተሞከረ። ውጤቱ በ2013 ታተመ። መድኃኒቱን የወሰዱት ላይ የልብ ችግርና ሞት 18 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ስኳር ያለባቸው ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ። ማስታወቂያው የሚጠቅሰው እዚህ ድረስ ብቻ ነው።

ጥናቱ ግን ተደገመ። በዚህኛው 1,000 ያህል ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ስኳር ያለባቸውና ልባቸውን ታመው የነበሩ። በ2024 ውጤቱ ሲወጣ፣ ደማቸው ውስጥ ያለው ሊድ በ61 በመቶ ወርዷል። መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ልባቸውስ? ኢዲቲኤ ከወሰዱት 35.6 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለበትን ፈሳሽ ከወሰዱት 35.7 በመቶ የልብ ችግር ወይም ሞት ገጠማቸው። ያው ነው! የኔ ግምት፣ ሊዱ ጉዳቱን ያደረሰው ከመውጣቱ በፊት ነው። ደግሞ ቀላል መድኃኒት እንዳይመስልሽ። አንደኛው ዓይነቱ ካልሲየምንም ይዞ ስለሚወጣ፣ ከ2003 እስከ 2005 አሜሪካ ውስጥ ሦስት ሰዎች ካልሲየማቸው ወርዶ ሞተዋል፤ ሁለቱ ሕፃናት ነበሩ።

አሁን አንቺ ወደምትፈሪው ልምጣ። ሐኪሜ ለማረጤ ኤስትሮጅን ያለበት ሆርሞን ስታዝልኝ «ካንሰር ያመጣል፣ ልብ ይገድላል» ብለሽ ጮኸሽብኝ ነበር። ያ ፍርሃት የመጣው ሆርሞኑን ያረጡ ሴቶች ላይ ከሞከረውና በ2002 ከተቋረጠው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ነው። 16,608 ሴቶች ነበሩበት። «የልብ ሕመም በ29 በመቶ ጨመረ» ተብሎ ዓለም ተናወጠ። ቁጥሩን ዘርዝረሽ ስታዪው ግን፣ ከ10,000 ሴቶች በዓመት የሚታመሙት 30 የነበሩት 37 ሆኑ ማለት ነው። የጡት ካንሰር ከ30 ወደ 38፣ ስትሮክም በተመሳሳይ በ8 ጨመረ። ትንሽ ነው ብዬ አላጣጥለውም፤ ታማሚዎቹ የሰው እናቶች ናቸው። ግን የሴቶቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር። ብዙዎቹ ካረጡ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ የተሰጣቸውም የሚዋጥ እንክብል ነው።

በኋላ የመጡት ጥናቶች ሆርሞኑ የሚጀመርበት ጊዜ ትልቅ ለውጥ እንደሚያመጣ አሳዩ። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት፣ ካረጡ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው የጀመሩት ላይ የአንገት ደም ስር ግድግዳ የመወፈሩ ፍጥነት ቀንሷል አለ። አሥር ዓመት አልፏቸው የጀመሩት ላይ ምንም ለውጥ የለም። ስለዚህ ከ60 በታች ሆና፣ ካረጠች አሥር ዓመት ሳይሞላት፣ እንደኔ ሌሊት ሌሊት በላብ ተነክራ ለምትነቃ ሴት ጥቅሙ ሊያመዝን ይችላል። ልብን ለመጠበቅ ብቻ ተብሎ ግን አይወሰድም። የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ያጋጠማት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሐኪሜም መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው።

እኔ የምጠቀመው ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ኤስትሮጅን ነው። ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር፤ ከእምብርቴ በታች እለጥፈውና በሳምንት ሁለቴ እቀይረዋለሁ። ጠርዙ ላይ ክር እየሰበሰበ ልብሴን ከማቆሸሹ በቀር አልተጣላንም። እንክብሉ መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ስለሚያልፍ ደም የሚያረጉ ነገሮችን ያበዛል፤ በቆዳ የሚገባው ይህ ችግሩ በጣም ያነሰ ነው። ማህፀኔ ስላለ ማታ ማታ ፕሮጀስትሮን የሚባለውን ሌላውን የሴት ሆርሞንም እወስዳለሁ፤ ኤስትሮጅን ብቻውን የማህፀን ካንሰር ሊያመጣ ይችላልና።

አሁን ተራው ያንቺ ነው። ያን አሮጌ ቤት ልታድሱ ነው አላችሁኝ። የድሮ ቀለም ሊድ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ እንዳትፍቂው፣ አቧራው ነው ጠንቁ። መጀመሪያ አስመርምሩት። ካለበት፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይሥራው፤ አንቺ እስኪጸዳ አትግቢበት፣ በተለይ ልጅ እያሰባችሁ ስለሆነ። ካልሲየም የሚበቃሽን ያህል አግኚ፤ ሲያንስ ሰውነት ከአጥንት ነው የሚበደረው። ባልሽም ሲጋራውን ይተወው። ካድሚየሙ ከትምባሆው ጋር ይገባና ኩላሊት ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል።

እሁድ ደውዪልኝ፣ ቀለሙን ማን እንደሚመረምርላችሁ ንገሪኝ።

እናትሽ