ይድረስ ለዶርማችን ቶዳር ማል

ውድ እኅቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ድንገት ብቅ ማለቴ እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። የእማማን ለቅሶ በስልክ ብቻ ማለፌ ደግሞ... እርሱን ፊት ለፊት ስንገናኝ እንጂ በወረቀት አልችለውም። ይቅር በዪኝና ልለፈው። አልዋሽሽም፤ ያስጻፈኝ ናፍቆት ብቻ ሳይሆን ጉዳይም ነው። «ሲቸግራት ታስታውሰኛለች» ብለሽ እንደምትስቂ ይታየኛል፤ ሳቂ፣ ይገባኛል።

ዘንድሮ የእስያን ታሪክ እንዳስተምር ተመደብኩና ሕንድን የገዙትን የሙጋሎችን ምዕራፍ ለተማሪዎቼ እያዘጋጀሁ ነው። ኦቶማኖቹንና የሻህ አባስን ፋርስ እንደምንም ተወጣኋቸው፤ ሕንድ ስደርስ ግን ተያዝኩ። በመጀመሪያው ዕለት የሥርወ መንግሥቱን መሥራች፣ የባቡርን ስም ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፤ አንቺ ያኔ «ሐዲዱስ የት ደረሰ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አንዱ ልጅ ከኋላ ሆኖ ቃል በቃል ደገመው። ልጽፍልሽ የቆረጥኩት በዚያች ቅጽበት ነው።

በዚያ ሴሚናር እኔ የመድፍ ጠበቃ፣ ግዛቱን ያቆመው መድፍ ነው ባይ፣ አንቺ ደግሞ የጸሐፊዎቹ ወገን እንደነበርን አትረሺውም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) ባቡር በሚያዝያ 1526 ፓኒፓት ላይ 12,000 ያህል ሰው ይዞ የዴልሂውን ሱልጣን የኢብራሂም ሎዲን ጦር ሲገጥም፣ ራሱ በጻፈው ማስታወሻ ግምት 100,000 ሰውና 1,000 ያህል ዝሆን ነበር የጠበቀው። እርሱም 700 ጋሪ እንደ ኦቶማኖቹ ልማድ በጥሬ ቆዳ ጠፍር እርስ በርሱ አቆራኝቶ፣ በየመካከሉ ለነፍጠኞቹ መከለያ አቆመ፤ ፈረሰኞቹ የሚወጡበትንም ክፍተት ተወ። እኩለ ቀን ላይ ነገሩ አልቆ ሎዲ ከወደቁት መካከል ተገኘ። እኔ ይህን በግለት ተርኬ ስቀመጥ፣ አንቺ ዝግ ባለ ድምፅ «በማግስቱ ግብሩን ማን ሰበሰበው?» አልሽ። እኔም የቀለም ቀንድ ያንጠለጠለ ጸሐፊ ከመድፍ ፊት ሲሮጥ በምልክት አሳየሁና ክፍሉን አሳቅሁብሽ፤ «ቶዳር ማል» ብዬ የሙጋሎቹን የግብር ሹም ስም ያወጣሁልሽ ያን ዕለት ነው። ሁሉም ሲስቅ አንቺ አልሳቅሽም። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ዛሬ ላምንልሽ ነው፤ ግን አትኩሪብኝ። የባቡር ልጅ ሁማዩን የአባቱን መድፍና ዝና ወርሶ እንኳ በ1540 በአፍጋኑ ሼር ሻህ ተሸንፎ አገር ለአገር ተንከራተተ፤ መጠጊያ ያገኘውም በፋርሱ ሻህ ዘንድ ነው። ዴልሂ የተመለሰው በ1555 ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። ስለዚህ በ1556 የ13 ዓመቱ ልጁ አክበር ሲነግሥ የወረሰው መንግሥት ሳይሆን የመንግሥት ተስፋ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አክበር ያን ተስፋ ያጸናው ግማሹን በጋብቻ፣ ግማሹን በሰይፍ ነው። በ1562 የአምበሩን ራጅፑት (ራጅፑት የሚባሉት የሂንዱ ተዋጊ ባላባቶች ናቸው) ገዥ የባርማልን ልጅ አገባ፤ በ1564 ሙስሊም ያልሆነው ሕዝብ የሚከፍለውን የጂዝያ ግብር አነሣ። የባርማል የልጅ ልጅ ማን ሲንግ በ1576 ሃልዲጋቲ ላይ የሙጋልን ጦር እየመራ በሌላው ራጅፑት በራና ፕራታፕ ላይ ዘመተ። ከዚያ በፊት ግን በ1568 የራጅፑቶቹ የቺቶር ምሽግ ሲሰበር 30,000 ያህል ሰው ተፈጅቷል፤ ስለ አክበር ቻይነት ብቻ የሚያወሩትን ስሰማ ይህ ትዝ ይለኛል።

ያንቺ ጸሐፊዎች የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው። አክበር ለየሹሙ መንሰብ የሚሉትን ማዕረግ በቁጥር ሰጠው፤ ቁጥሩ ከ10 ተነሥቶ እስከ 5,000 ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ያለው በአመዛኙ ለልዑላኑ ነበር። ሹሙ በማዕረጉ ልክ ፈረሰኛ ማቅረብ አለበት። ለቆጠራ ቀን ፈረስ ተውሶ የሚሰለፍ ስለበዛ ግን ፈረሱ በጋለ ብረት ምልክት እንዲተኮስ፣ የወታደሩም መልክ በመዝገብ እንዲሰፍር ታዘዘ። በ1580 የቢሃርና የቤንጋል ሹማምንት ከሸፈቱባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ቁጥጥር ነው። ብዙዎቹ ሹማምንት ደመወዛቸውን የሚያገኙት ጃጊር ከሚባል የግብር መሬት ነበር። ጃጊር ከእኛ ጉልት ጋር ይቀራረባል፤ መሬቱ የባለጃጊሩ አይደለም፣ የተፈቀደለት ግብሩን መብላት ነው። ንጉሡ ግን በሦስት በአራት ዓመት ነቅሎ ወደ ሌላ አውራጃ ያዛውረዋል፤ ከሕዝቡ ጋር ተላምዶ፣ ሥር ሰድዶ እንዳይሸፍት።

ግብሩን ደግሞ ራሱ ቶዳር ማል አበጀው። የ10 ዓመት ምርትና የየአካባቢው የገበያ ዋጋ በአማካይ ተሰልቶ፣ ከአዝመራው ሲሶው በገንዘብ እንዲከፈል በ1580 ተወሰነ። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሒሳቡ ሳይሆን ገመዱ ነው። መሬት የሚለካው በቃጫ ገመድ ነበርና፣ ጠዋት ጤዛ ሲያርፍበት ያጥራል፣ ሲደርቅ ይረዝማል። ገመዱ ሲያጥር የገበሬው ማሳ በመዝገብ ላይ ይሰፋል፤ ግብሩም አብሮ ያድጋል። በመጨረሻ ገመዱን ጥለው በብረት ቀለበት የተያያዘ ቀርከሃ አመጡ። አንድ ሌሊት ሙሉ ይህችን ቀርከሃ ሳስብ አደርኩ። አንቺ ዛሬ በየቀበሌው መሬት ስትለኪ የምትውዪ ሰው ስለሆንሽ አይገርምሽ ይሆናል።

ጭንቀቴ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። የጃጊሩን ዝውውር «ምን ያለ ብልሃት ነው!» እያልኩ በኩራት ሳስረዳ፣ ከፊት የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ እጇን አንሥታ፣ «መምህር፣ በሦስት ዓመት የሚነሣበትን መሬት ለምን ይንከባከባል?» አለችኝ። የማክሰኞ ሰው ይበለን ብዬ አለፍኳት። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ በኋለኛው የሙጋል ንጉሥ በአውራንግዜብ ዘመን ሕንድ የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም በርኒየ ነገ የሚለቀውን መሬት ሹሙ እንደሚያራቁት ጽፏል። አጋንኗል የሚሉት ብዙ ናቸው፤ ልጅቷን ግን «አጋንኗል» በሚል ቃል ልሸኛት አልፈልግም።

የደረስኩበትን ልንገርሽ። ሹሙ ሲዛወር የማይዛወሩ ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው ዛሚንዳር የሚባለው የአገሩ ባላባት፣ ሁለተኛው ቃኑንጎ የሚባለው የአካባቢው መዝገብ ያዥ። ቃኑንጎው መዝገቡን ለልጁ ያወርሳል፤ የትኛው ማሳ ለም እንደሆነ፣ አምና ስንት እንደተከፈለበት ያውቃል። አዲሱ ባለጃጊር ያለ እርሱ ዓይኑ አይበራለትም። ግዛቱን በየመንደሩ ያቆመው ይህ ሰው ይመስለኛል። ግን ለገበሬው ከለላ ነበር ወይስ ሁለተኛ በላተኛ? ከመጻሕፍቱ ሁለቱም ይወጣል። አንቺ ግን መዝገቡን በእጅሽ ይዘሽ ከገበሬው ጋር ፊት ለፊት የምትቆሚ ስለሆንሽ፣ ዘላለም አላፊ አለቃና ዘላለም ቋሚ ገበሬ መካከል የተቀመጠ ጸሐፊ ልቡ ወዴት እንደሚያደላ ልትነግሪኝ ትችያለሽ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአራት ዓመት በኋላ ማቅረብ ድፍረት ነው፤ ግን ከማን ልጠይቅ?

ሌላም ነገር አለ፤ ማሊክ አምባር። ከእኛው ምድር በባርነት ተሽጦ ደካን (የደቡብ ሕንድ ደጋ) የደረሰው ሰው፣ የዚያው አገር ሱልጣኔት ከተማ አህመድናጋር በ1600 በሙጋሎች እጅ ከወደቀች በኋላ የራሱን ሱልጣን አንግሦ እስከሞተበት እስከ 1626 ድረስ አስጨነቃቸው። ትልልቅ መድፎቻቸውን ፊት ለፊት አልጠበቀም፤ በፈጣን ፈረሰኛ የእህል መንገዳቸውን እየቆረጠ አስራባቸው። የአክበር ልጅ ጃሃንጊር ሰውየውን ሊያገኘው ስላልቻለ በ1616 ገደማ ሥዕል አስሣለ፤ ንጉሡ በዓለም ሉል ላይ ቆሞ፣ በጦር ላይ የተሰካውን የአምባርን ራስ በቀስት ሲወጋ ያሳያል። በሥዕል ብቻ! ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ አጨበጨቡ፤ እኔም፣ የመድፍ ጠበቃ የነበርኩት፣ አብሬ አጨበጨብኩ።

ደካንን በመጨረሻ የዋጠው አውራንግዜብ ነው፤ ቢጃፑርን በ1686፣ ጎልኮንዳን በ1687። ነገር ግን የተሸነፉትን ሹማምንትና የማራታ (የደካን ሂንዱ ተዋጊዎች) መሪዎችን ለማባበል መንሰብ ሲያድል ሹሙ ከጃጊሩ በለጠ። መንሰብ ተቀብሎ ጃጊር የሚጠብቀው ሲበዛ፣ ያገኘውም ነገ እንዳይነጠቅ እየፈራ ገበሬውን ያልበው ጀመር። አየሽ፣ የልጅቷ ጥያቄ እዚህም ተመልሶ ይመጣል፤ የሹሙን ሥር የነቀለው ብልሃት የገበሬውንም ጎተራ አብሮ ነቀለ ልበላት? እጄ አልታዘዝ እያለኝ ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ።

ማስታወሻውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። ስለ ቃኑንጎው የጻፍኩትን ገጽ ብቻ አንብቢና፣ እንደ ድሮው በቀይ እስክሪብቶ ሳትራሪ ሰርዢው። ያ ሰማያዊ ደብተርሽ ካለም የቶዳር ማልን ገጾች በስልክ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ማክሰኞ ሳይደርስ።

የእማማ ሙት ዓመት በጥር መሆኑን አልረሳሁም። ብትፈቅጂልኝ እመጣለሁ፤ ባትፈቅጂልኝም የምመጣ ይመስለኛል፤ በር ላይ ካቆምሽኝ እቆማለሁ።

የመድፍ ጠበቃሽ