እማዬ፣ ለእኔም ይነገረኝ

ጅማ፣ ነሐሴ

ይድረስ ለውዷ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ዓይንሽስ እንዴት ሆነልሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በትልልቅ ፊደል የጻፍኩት ራስሽ እንድታነቢው ብዬ ነው። ለወንድም ጋሼም ሆነ ለልጆቹ አታስነብቢው። መነጽርሽን አድርጊና፣ ሲደክምሽ እያረፍሽ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ሾፌሩ ቡናና ማርም ይዞልሻል። ማሩን ለጉሮሮሽ ያዢው፤ ለእንግዳ አታውጪው።

ትልቁ የስምንተኛ ክፍል ውጤቱን እየጠበቀ ነው። ቁመቱ አባዬን እያከለ ሄዷል። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወለቀና ጣሪያ ላይ ወረወረችው። አዲሱ ሳይበቅል አያቴ ትመጣለች ወይ እያለች ትጠይቀኛለች። ዝናቡ ዘንድሮ በርትቷል። በሰርቪስ ቤቱ በኩል ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ ቆርቆሮ አስቀይሬያለሁ፣ አታስቢ። የጓሮው ቡና ፍሬ ይዟል። ተከራዩም የወሩን ከፍሏል።

ባለፈው በስልክ ስለ ትምህርቴ ስነግርሽ፣ "በዚህ ዕድሜሽ የደምና የሰይጣን መጽሐፍ ምን ያደርግልሻል?" ብለሽኝ ነበር። መስመሩ ተቋረጠና ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ነገሩ ከልቤ አልወጣም፤ ዛሬ ልመልስልሽ።

በዚህ ክረምት ከምንማራቸው አንዱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአስፈሪና የወንጀል ልብ ወለድ ነው። መምህራችን ሌሎች ስለ መጽሐፉ ያሉትን እንድንገለብጥለት አይፈልግም። ስናነብ የተሰማንን፣ የት ላይ እንደፈራን፣ የት ላይ እንደተናደድን እንጽፍለታለን። ለእኛ ለአስተማሪዎች ይህ ከባድ ነው። ሰዋስው ጠይቁን እንጂ ምን ተሰማችሁ የሚለን ሰው ገጥሞን አያውቅም። ግን ወደድኩት። እንግሊዝኛዬም ተሻሽሏል። ሰው ሲፈራ መዝገበ ቃላት አይገልጥም፤ የማያውቀውን ቃል እየዘለለ ወደፊት ይሮጣል። በኋላ ተመልሼ ሳየው ብዙውን ቃል ከታሪኩ ገምቼ አግኝቼዋለሁ።

ደግሞስ ጭራቁን ያስተዋወቅሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ? መብራት ሲጠፋ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ከሰሉን ከበን ተረት ተረት ስትይን ማን ነበር የሚያስፈራራን? ጭራቁ የአክስትን ድምፅ አስመስሎ በር የሚያንኳኳበት ቦታ ላይ ስትደርሺ ዝም ትያለሽ። ከሰሉን ትቆሰቁሻለሽ። ከጅሬን በኩል እውነተኛው ጅብ ሲጮህ እኛ ጉያሽ ውስጥ እንገባለን። አባዬ "ልጆቹን አታስፈራሪያቸው" ይል ነበር። ግን አንድም ቀን መጨረሻውን ሳትነግሪን አስተኝተሽን አታውቂም። በሩን ማን እንዳንኳኳ ይነገረን ነበር። ለክፍሉ በጻፍኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ ይህንኑ አልኩ። ፍርሃትን ከእናቴ ተማርኩ፣ ታሪክ ዳር ሲደርስ ደግሞ ፍርሃት እንደሚለቅ ከእሷው ተማርኩ ብዬ።

ኤድጋር አለን ፖ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1841 ያሳተመው ታሪክ አለ። የመርማሪ ልብ ወለድ ከእሱ ጀመረ ይላሉ። ፓሪስ ውስጥ እናትና ልጅ ቤታቸው ተገድለው ይገኛሉ። በዚያች ሌሊት ጎረቤቱ የአንድ እንግዳ ድምፅ ሰምቷል፤ ፖሊስ እያንዳንዱን ይጠይቃል። ፈረንሳዊው የስፔን ሰው ነው ይላል። እንግሊዛዊው የጀርመን ነው ይላል። ስፔናዊው የእንግሊዝ ነው ብሎ ይምላል። ጣሊያኑ የሩሲያ ነው ይላል። ማንም የራሴ ቋንቋ ነው አላለም። ሁሉም የጠራው እሱ ራሱ የማያውቀውን ቋንቋ ነው። መርማሪው ነገሩን የሚፈታው ከዚህ ተነስቶ ነው። ድምፁ የማንም ሰው አልነበረም፤ ኦራንጉታን የሚባል ትልቅ የዱር እንስሳ ከባለቤቱ አምልጦ ነው።

ሳነበው ትዝ ያለኝ የእኛው ሐሙስ ገበያ ነው። አንቺ ቅቤውን እያሸተትሽ፣ እኔ ዘንቢል ይዤ። ኦሮምኛው፣ ዳውሮኛው፣ ከፍኛው፣ የምኛው፣ ጉራጊኛው ከግራ ከቀኝ። ሁሉንም አልናገረውም፤ በዜማው ግን እለየዋለሁ። ጅማ ያደገ ሰው ጆሮው ንቁ ነው። የሰውም ድምፅ ሲለወጥ ይሰማል፣ እማዬ።

የዚሁ ሰው ሌላ አጭር ታሪክ አለ፣ የ1843። አንድ ሽማግሌ ዓይኑን ሞራ ጋርዶበታል። አብሮት የሚኖረው ሰው ያን ዓይን ማየት አልችልም ብሎ ይገድለዋል። ያንቺ ዓይን ፊቴ ድቅን ስላለ መጽሐፉን ዘግቼ ደጅ ወጣሁ። ማታ ተመልሼ ጨረስኩት። የክፍል ጓደኞቼ ስለ ገዳዩ እብደት ነው የጻፉት። እኔ የጻፍኩት ስለ ሽማግሌው ነው። ሌሊት ይባንንና አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ "ማን ነው?" ይላል። በር ላይ ሰው አለ፤ መልስ ግን የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ እንደዚያ ይቀመጣል። ከመገደሉ ይልቅ ያ ዝምታ ነው የከበደኝ።

ከዚያ ስለ ደም መጣጩ ስለ ድራኩላ አነበብን። ብራም ስቶከር የሚባል የአየርላንድ ሰው በ1897 ያሳተመው ነው። መጽሐፉ በደብዳቤና በየዕለት ማስታወሻ የተሠራ ነው። ሰይጣን ያልሽው ይህንን ሳይሆን አይቀርም። ውስጡ ግን አንዲት እናትና አንዲት ልጅ አሉ። እናትየው የልብ ሕመምተኛ ናት፤ ሐኪሙ ከጥቂት ወራት በላይ አትቆይም ብሏታል። ለልጅዋ አትነግራትም። ልጅቷም ሌሊት ሌሊት ደሟ እየተመጠጠ ትገረጣለች። ሐኪሞቹ ደግሞ የእናትየው ልብ አይችልም ብለው ከእናትየው ይደብቃሉ። ልጅቷን የሚጠብቅ ነጭ ሽንኩርት ከነአበባው ክፍሏ ውስጥ ይደረድራሉ፤ ለምን እንደሆነ ግን ለእናትየው የሚነግር የለም። እናት ሌሊት ገብታ፣ ልጄን ሽታው አፈናት ብላ፣ አበባውን አውጥታ መስኮቱን ትከፍተዋለች። ከፍቅር ነው ያደረገችው። ቢነገራት ኖሮ አትከፍተውም ነበር። ይህን ሳነብ አንጀቴ ነው የተቃጠለው፤ ደም መጣጩ እንኳ እንደዚያ አላስፈራኝም።

በመጨረሻ ሼርሎክ ሆምስ መጣ። ስሙን ወንድም ጋሼም ያውቀዋል። ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል ሐኪም ነበር። ይህን መርማሪ የቀረጸው በሽተኛውን ገና ከበር ሲገባ አይቶ ሥራውንና የመጣበትን የሚያውቅ መምህር ስለነበረው ነው። በ1893 በጻፈው ታሪክ ሆምስን ፏፏቴ ውስጥ ጣለውና አንባቢው አዘነ፣ ተቆጣም። በ1903 መለሰው። ለካ አልሞተም፤ ጠላቶቹን ሸሽቶ ተደብቆ ነው። ጓደኛው ዋትሰን ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያዝንለት ኖሯል። ድንገት ፊቱ ሲቆም ራሱን ስቶ ይወድቃል። ክፍሉ ሁሉ ተመለሰ ብሎ ተደሰተ። እኔ ተናደድኩ። ሆምስ መኖሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፣ ወንድሙ። ለወንድሙ ተነግሯል። ለዋትሰን ለምን አልተነገረውም? "እውነት መስሎህ ባታዝን ኖሮ ስለ ሞቴ እንደዚያ ሰው በሚያምን መንገድ አትጽፍም ነበር" ነው የሆምስ መልሱ። ሐዘኑን ተገለገለበት። መምህሩ ጽሑፌን ሲመልስልኝ፣ ይህ ቁጣ ከየት መጣ ብሎ በቀይ ጽፎበት ነበር።

እማዬ፣ የአጋሮውን ነገር ላነሳው ነው። ተነስቶ አያውቅም። አንቺም አላነሳሽው፣ እኔም ሆዴ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ።

ክፋት እንዳልነበረበት አውቃለሁ። ማትሪኳ ይበላሽባታል ብላችሁ ነው። መርዶም ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዝ የሚደግፍ ተዘጋጅቶ፣ ሌሊት እንደሚነገር አውቃለሁ። ወጉን አልናቅሁም። እኔም ለጎረቤት ልጅ መርዶ ነጋሪ ሆኜ በሌሊት ሄጃለሁ። ግን እኔ አጋሮ ከአክስቴ ቤት ለአባዬ ደብዳቤ ጽፌለት ነበር። ፊዚክሱ እንደከበደኝ፣ እንግሊዝኛው ግን እንደማይቸግረኝ፣ ሳልፍ ሰዓት እንደሚገዛልኝ ቃሉን እንዳይረሳ። መልሱ ካንቺ መጣ። "አባትሽ ሰላም ብሎሻል፣ በርቺ ብሎሻል" ይላል። የእጅ ጽሑፍሽ ነው፤ እስካሁን አለኝ። ያን ጊዜ አርባው ወጥቶ ነበር።

ፈተናዬን በጨረስኩ ማግስት፣ ገና ሳይነጋ፣ ሰፈሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ የአክስቴ ሳሎን ሞልቶ አገኘሁት። ለካ ሁሉም ያውቅ ነበር። ዳቦ የምገዛበት ባለሱቅ ያውቅ ነበር። ወንድም ጋሼ ያውቅ ነበር፤ አፈሩንም እሱ ነው ያለበሰው። ተመልሼ ሳስበው ፍንጩ ሁሉ ፊቴ ነበር። አክስቴ ሬዲዮኑን ማጥፋቷ፣ ሰዎች ስገባ ወሬ መቀየራቸው፣ በሶ በጥብጣ እየሰጠችኝ ዓይኗ እንባ ማቅረሩ። አባዬን አለቀስኩት፤ ዕድሜ ሲጨምር እሱም ቀለለኝ። ያቺ ደብዳቤ ግን አልቀለለችኝም። ሰላም ብሎሻል ማለት አልነበረብሽም። ዝም ብትይ ይሻል ነበር።

አሁን ደግሞ ፍንጮቹ ፊቴ ተደርድረዋል።

የዓይን ሞራ እዚሁ ጅማ ይገፈፋል። አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፤ ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። አንቺ ለዓይን ብለሽ አዲስ አበባ ከሄድሽ ክረምቱ ሊያልቅ ነው። ስደውል የሚያነሳው ወንድም ጋሼ ነው። ቀን በስምንት ሰዓት "ተኝታለች" ይለኛል። አንቺ ቀን ተኝተሽ ታውቂያለሽ? ሳገኝሽም ድምፅሽ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ አረፍተ ነገሩን ሳትጨርሺ ትንፋሽ ይቆርጥሻል። ፍልሰታን ዘንድሮ አልያዝሽም። ማን ነገረሽ አትበይኝ፤ የወንድም ጋሼ ትንሹ "አያቴ ከእኔ ጋር እንቁላል በላች" ብሎ በደስታ ነገረኝ። ታመሽ እንኳ ጾም ፈትተሽ አታውቂም። ካህን ካልፈቀደልሽ፣ ሐኪም ካላስገደደሽ አትበይም። የቤቱን ካርታ የት እንዳስቀመጥኩ ጠየቅሽኝ። እድር መክፈሌን ጠየቅሽኝ። የንስሐ አባትሽን ስልክ አስፈለግሽኝ። ጉትቻዬን ለትንሿ አስቀምጪላት አልሽኝ፣ እንደ ዋዛ፣ በወሬ መሃል።

እድሩ ተከፍሏል። ካርታው ቁምሳጥኑ ውስጥ ከአባዬ ፎቶ ስር ነው። ጉትቻውን ግን አንቺው ራስሽ በጆሮዋ ታደርጊላታለሽ እንጂ እኔ አላስቀምጥም።

ሐኪሙ ምን አለሽ እማዬ? የመጣው ይምጣ፣ ልስማው። እኔ ያን ጊዜ የነበርኩት ልጅ አይደለሁም። ሁለት ወልጃለሁ፣ ክፍል ሙሉ ልጅ አስተምራለሁ፣ ሰው ቀብሬያለሁ። ትምህርቷ ይበላሽባታል ብለሽ ከሆነ፣ ትምህርት ይደረሳል። ከባድ ከሆነ አብሬሽ ልክበድበት። ቀላል ከሆነም ንገሪኝ፤ በግምት መኖር አቃተኝ። ሌሊት እነቃና እጠይቃለሁ፤ የሚመልስልኝ የለም።

ገንዘብ ካሳሰባችሁም ለብቻችሁ አትያዙት። እቁቡ ይደርሰኛል፤ መድኃኒቱም ምርመራውም የእኔም ነው። ወንድም ጋሼን አልወቅሰውም፤ ደክሞታል፣ ድምፁ ያስታውቃል። ግን ሁለተኛ የመጨረሻዋ ሰሚ እኔ አልሆንም።

ያሳደግሽኝን፣ አባዬ ከሄደ በኋላ እንጀራ ሸጠሽ ያስተማርሽኝን ረስቼ አይደለም ይህን የምጽፈው። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ስለምወድሽ ነው የምቆጣው።

ክረምቱ ትምህርት ነሐሴ ሲያልቅ ያበቃል። ከዚያ በፊት ነዪ ካልሽኝ በማግስቱ አውቶብስ እሳፈራለሁ፤ ልጆቹን የሚይዝልኝ ሰው አዘጋጅቻለሁ። ሐኪም ቤት የሰጡሽን ወረቀት በሙሉ በዚሁ ሾፌር ላኪልኝ፤ ሁለት ቀን አድሮ ነው የሚመለሰው። ወንድም ጋሼ ወረቀቱን ከያዘው "ልጄ ፈልጋዋለች፣ ስጠኝ" በይው። ቅዳሜ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እደውላለሁ። ስልኩን አንቺ አንሺው።

ልጅሽ