ቀብዱን ከመቀበልህ በፊት

ይድረስ ለምወድህ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሃል? እማማ፣ ባለቤትህ፣ ልጆቹ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴ ልክ አልነበረም፤ ይቅርታህን እለምናለሁ። ከቅጥር ወጥተህ በራስህ ስም የግንባታ ሥራ መያዝ መጀመርህን ሳነብ ከልቤ ኮራሁብህ። የጠየቅከኝ ነገር ግን ጊዜ አይሰጥም፤ ስለዚህ የቤቱን ወሬ ለሚቀጥለው ደብዳቤ ላቆየውና በቀጥታ ወደ እሱ ልግባ።

ሥራውን የሚሰጥህ ሰውዬ ሶሌታው (የፎቁ ወለል አርማታ) ተሞልቶ የቆመ ጂ+1፣ ማለትም ምድርና አንድ ፎቅ ያለው ቤት አለው። ሁለት ሥራ ተቋራጮች ጀምረው ትተውለት ሄደዋል። ቅዳሜ ሁለት መቶ ሺህ ብር ቀብድ ሊሰጥህ ነው፤ «ውሉ በኋላ ይደርሳል» ብሎሃል። ልያዘው ወይስ ይቅርብኝ ነው ጥያቄህ። ሳትወስን ብሩን አትንካ።

ቀብድ በሕጋችን ክብደት ያለው ቃል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ሐሳቡን ቢለውጥ የሰጠውን ያጣል፤ የተቀበለው ቢለውጥ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ቅዳሜ ሁለት መቶ ሺህ ተቀብለህ ማክሰኞ ኮለኑ (የአርማታው ምሰሶ) ጠማማ መሆኑን ብታይና ልተወው ብትል፣ አራት መቶ ሺህ አምጣ ልትባል ነው። ስለዚህ ምንም ገንዘብ ከውል አይቅደም። ውሉ ላይም «ቀብድ» ሳይሆን «ቅድሚያ ክፍያ» ብለህ ጻፍ፤ ከየትኛው ሥራ ላይ እንደሚቀነስም አብረህ አስቀምጥ።

ሌላው ቁጥር 3039 ነው። የሠራኸው ግንባታ በደንብ ስለመሠራቱና ስለጥንካሬው ከርክክብ ጀምሮ አሥር ዓመት ዋስ ነህ። በአፈሩ ጠባይ ምክንያት የሚመጣ ጉዳት ሳይቀር በዚህ ውስጥ ይገባል። ዘመኑን የሚያሳጥር አንቀጽ በውሉ ብትጨምርም አይጸናም። ሕጉ የሚናገረው አንተ ስለሠራኸው ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን በአራተኛው ዓመት የሳሎኑ ግድግዳ በሰያፍ ሲሰነጠቅ፣ ጥፋቱ የመሠረቱ ነው ወይስ የብሎኬቱ የሚለውን ክርክር የምትቆምበት አንተ ነህ። ያኔ እነዚያን ሁለቱን ማን ያገኛቸዋል? ሌላ ሰው የጀመረውን ቤት እንደ አዲስ ሥራ አትየው የምልህ ለዚህ ነው።

ዓርብ ጠዋት ብርሃን ሳለ ሂድ። ቱንቢ፣ ሜትር፣ ትንሽ መዶሻና የሽቦ ብሩሽ ያዝ። በእያንዳንዱ ኮለን ላይ በሁለት አቅጣጫ ቱንቢ ጣል። የኮለኖቹን እግር ጎንበስ ብለህ እይ፤ ሲሞላ አርማታውን በሚያርገበግበው ማሽን፣ በቫይብሬተር ያልተመታ ከሆነ ጭቃው ሸሽቶ ጠጠሩ ብቻ ተንጋግሮ የቀረበት ቦታ ታገኛለህ፤ ብዙ ጊዜም ከወለሉ እስከ 30 ሳንቲም ባለው ከፍታ ላይ ነው። በመዶሻው ነካ ነካ አድርገው፤ ደህናው አርማታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ባዶው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ለቀጣዩ ፎቅ ተብሎ ወደ ላይ የቀረውን ፌሮ (የአርማታ ብረት) በብሩሽ እሸው። ላዩ ላይ ያለ ቀይ ዝገት ይለቃል፣ አያስጨንቅህ። በቅርፊት እየተነሳ ብረቱን ካቀጠነው ግን ሌላ ነገር ነው። የቀረውን ርዝመት ለካ፦ ዲዛይኑ መደራረቢያው፣ ማለትም አዲሱ ብረት ከቀረው ጋር ጎን ለጎን የሚታሰርበት ርዝመት፣ የውፍረቱ 50 እጥፍ ይሁን ካለ፣ ለባለ 16 ሚሊ ሜትሩ ፌሮ 80 ሳንቲም ያስፈልግሃል። 40 ብቻ ትተውለት ከሆነ ያ ኮለን እንዳለ ወደ ላይ አይቀጠልም። አፈሩንም አትርሳ። ግቢው ጥቁር አፈር ከሆነ፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ታያለህ። ያ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሸሻል። ከወለሉ ሥር ተቆርጦ ወጥቶ በሰሌክት (በማያብጥ የተመረጠ አፈር) ተሞልቶና ተጠቅጥቆ እንደሆነ ጠይቅ፤ የሚያውቅ ከሌለ አንድ ጥግ ላይ አስቆፍረህ እይ።

ከዚያ ሦስት ወረቀት ጠይቅ፦ ካርታው፣ የግንባታ ፈቃዱና የጸደቀው ዲዛይን። «ዲዛይኑ የመጀመሪያው ሰውዬ ጋ ቀርቷል» ካለህ ቅጂውን ፈቃዱን ከሰጠው ጽሕፈት ቤት ማግኘት ይችላል፤ ያምጣ። ያለ ዲዛይን ዋጋ ንገረኝ የሚል ሰው በኋላ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ለማለት መንገዱ ክፍት ነው፤ አንተም የምታሳየው ነገር አይኖርህም።

አሁን ስለ ሰውየው። ሁሉን ነገር የሚጠይቅ፣ ሲሚንቶ የሚቆጥር፣ ጠዋት ማታ ሳይት የሚመጣ ሰው አስቸጋሪ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ተዘርፎ የፈራ ሰው ነው። ሲሚንቶ ሲገባና ሲወጣ የሚፈረምበት መዝገብ ስጠው፣ ደረሰኝ አሳየው፣ ለአንድ ሜትር ኩብ ሲ-25 በሚባለው የጥንካሬ ደረጃ ለሚሠራ አርማታ 360 ኪሎ ሲሚንቶ፣ ማለትም ሰባት ከረጢት ከሩብ ገደማ እንደሚገባ ቆጥረህ አስረዳው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ይረጋጋል፤ የቆጠረውንም ሳያንገራግር ይከፍላል። እንዲህ ያለውን ሰው አትሽሸው።

የምትሸሸው ሌላውን ነው። «ከአንተ በፊት የነበሩት ሁለቱም ሌቦች ናቸው» ሲልህ የሁለቱንም ስልክ ስጠኝ በለው። ደውለህም ሁለት ነገር ብቻ ጠይቅ፦ የመጨረሻው ክፍያ መቼ ነበር? ምን ሥራ ላይ ቆመ? ሁለቱም ክፍያ ቀርቶባቸው እንደቆሙ ከነገሩህ ችግሩ ከባለቤቱ ነው። ስልካቸውን አልሰጥም ካለም መልስ ሰጥቶሃል። «ወንድማማች አይደለንም ወይ፣ ውል ምን ያደርጋል» የሚለውን ከልብህ ስማው፤ ወንድማማችነቱ የሚያበቃው የመጀመሪያው ክፍያ ሲዘገይ ነው። «ይሄን በቅናሽ ሥራልኝ፣ ከኋላው ትልቅ ሥራ አለኝ» የሚለውንም እንዲሁ። የሚቀጥለው ሥራ በሚቀጥለው ውል ይታያል።

ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነ፣ ዋሽንግተንም ይሁን ጅዳ፣ የሚያዝህ ማን እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ይለይ። ወንድምየው ግድግዳ አፍርስ ይላል፣ እህትየዋ የሴራሚኩን ቀለም ትለውጣለች፣ ከፋዩ ደግሞ በስልክ «ማን ፈቀደልህ» ይላል። ሳይት ላይ ያለው ሰው በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ ውክልና ሊኖረው ይገባል። ውክልናው ውስጥም «የግንባታ ውል እንዲዋዋል፣ ክፍያ እንዲፈጽም፣ ርክክብ እንዲያደርግ» የሚል ቃል መኖሩን አንብብ፤ ቤት ለማከራየት ብቻ የተሰጠ ውክልና ለአንተ ምንም አይጠቅምህም።

ዋጋውን ስታቀርብ የሚጸናበትን ቀን ጻፍበት፤ 15 ቀን ይበቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ሴራሚክ፣ የሳኒተሪ ዕቃና ኬብል በአንድ ዋጋ ተቀምጦ እንደማይጠብቅህ ታውቃለህ። ከተቻለ የእጅ ዋጋህን ከማቴሪያሉ ለየው፤ ማቴሪያሉን እሱ ይግዛ፣ አንተ ዝርዝሩንና መጠኑን ስጠው። ሴራሚክ ሲገዛ ለቁርጥና ለስብራት 10 በመቶ ይጨምር፤ ካርቶኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የቀለምና የመጠን ቁጥር እንዲኖራቸውም ንገረው። ግማሹ ከሌላ ባች (የምርት ዙር) ከሆነ ከተነጠፈ በኋላ ወለሉ ሁለት መልክ ያወጣል፤ የሚወቀሰውም አንጣፊው ነው።

ክፍያው ቀን ሳይሆን የተጠናቀቀ ሥራ ይከተል። የ900 ሺህ ብር ሥራ ቢሆን 225 ሺህ ቅድሚያ፣ ብሎኬቱና የኤሌክትሪክ ቱቦው ሲያልቅ 270 ሺህ፣ ልስኑ፣ የውሃ መስመሩና ሊሾው (ከሴራሚኩ በፊት የሚነጠፈው የሲሚንቶ ወለል) ሲያልቅ 225 ሺህ፣ ሴራሚክና ቀለሙ ሲያልቅ 135 ሺህ፣ ከርክክብ በኋላ 45 ሺህ። የመጨረሻውን ትንሽ ማድረግህ እጅግ ይጠቅምሃል። ክፉ ደንበኛ ብር የሚይዝብህ መጨረሻ ላይ ነው፤ በር ላይ ጭረት፣ ግድግዳ ላይ ነጥብ ያገኛል። የያዘብህ 45 ሺህ ከሆነ ሠራተኛህን ከፍለህ ትወጣለህ፤ 300 ሺህ ከሆነ ቅዳሜ ማታ ግንበኛው በርህ ላይ ቆሞ ምን ትለዋለህ? ለራስህም ልክ አብጅ፦ ተሠርቶ ያልተከፈለህ ሥራ ከአንድ ሳምንት የሠራተኛ ክፍያ አይለፍ። ሲያልፍ ሥራው ይቆማል፤ ይህም ውሉ ላይ ይጻፍ።

ተጨማሪ ሥራ የሚባለው ነገር ብዙ ሰው አክስሯል። ካርቦን ያለው ደብተር ግዛ። ቀን፣ ምን እንደተጨመረ፣ ስንት ካሬ ወይም ስንት ሜትር፣ ዋጋው፣ ስንት ቀን እንደሚጨምር፣ ፊርማ። ባለቤቱ ውጭ ከሆነ ገጹን ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክና በጽሑፍ «እሺ» እስኪል ጠብቅ። በስልክ የተባለ ነገር አይበቃም። «ይቺን ብቻ» የተባለችው አንድ ሶኬት አሥራ አራት ስትሆን፣ ደብተር ከሌለህ አሥራ አራቱም በነጻ ናቸው።

ሰውየው ደህና ሆኖ ሥራውን እምቢ የምትልበት ጊዜም አለ። አንዱን ላሳይህ፤ ላይኛው ፎቅ ላይ ያለ መታጠቢያ ቤት። ሁለት ሜትር በ1.80 ነው እንበል፣ የውሃ መውረጃው ጥግ ላይ። ሊሾው ወደ መውረጃው በሜትር አንድ ሳንቲም ተኩል መውረድ አለበት፤ በሁለት ሜትር ሦስት ሳንቲም ማለት ነው። ሊሾው ከደረቀ በኋላ የውሃ መከላከያው ሁለት ዙር ይቀባል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አቅጣጫ ተሻግሮ። ግድግዳው ላይ 20 ሳንቲም ይወጣል፣ ሻወሩ ባለበት ደግሞ እስከ ራስ ከፍታ። የቱቦው ዙሪያና የግድግዳና ወለሉ ማዕዘን በጨርቅ መረብ ይጠናከራል። ከዚያ መውረጃው ተደፍኖ ወለሉ ላይ ሦስት፣ አራት ሳንቲም ውሃ ይቆማል፤ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ይሰመራል፣ 24 ሰዓት ይጠበቃል። መስመሩ ከወረደ ወይም ከታች ያለው ሶሌታ ካላበው ሴራሚክ አይነጠፍም። ደንበኛው «ይሄ ሁሉ ለምን? ሴራሚኩ ራሱ ውሃ አያሳልፍም» ይልሃል። ሴራሚኩ አያሳልፍም፤ በመጋጠሚያው ያለው ስቱኮ ግን ያሳልፋል። ከወራት በኋላ ከታች ባለው መኝታ ቤት ጣሪያ ላይ ቢጫ ክብ ይወጣል፣ ጅፕሰሙ ይላጣል፣ ቀዳዳውን ለመፈለግ ወለሉ በሙሉ ይነሳል። አስረድተኸውም መከላከያውን እዘለዋለሁ ካለ፣ ያን ክፍል አትሥራው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ «ሳሎኑን ላስፋ፣ ይቺን ኮለን ንካልኝ» የሚልም ካጋጠመህ እዚያው ቆመህ አይሆንም በል፤ ከላይ የሚኖሩት ሰዎች ምንም አያውቁም።

እምቢ ማለቱ ላይ የሚይዘን ይሉኝታ ነው፤ በተለይ ሥራውን ያመጣው ዘመድ ወይም የእድር ሰው ሲሆን። «እናያለን» አትበል፤ ሰውየው እሺ ብለሃል ብሎ ሌላ ሰው መፈለጉን ይተዋል። ይሸሽ ብለህ ዋጋ አትቆልልበት፤ እሺ ቢልህ በማትፈልገው ሥራ ታሰርክ። መጀመሪያ ላገናኘህ ሰው ንገረው፣ ከባለቤቱ ሰምቶ እንዳያፍር። ከዚያ ለባለቤቱ ራስህ ደውል፦ «ጋሼ፣ ቤቱን አየሁት። የኮለኖቹ ሁኔታ በመሐንዲስ ሳይፈተሽ ከላዩ ላይ መሥራት አልችልም። ስለዚህ ሥራውን አልያዝኩትም። ሌላ ሰው እንዲፈልጉ ብዬ ነው ቶሎ የደወልኩት።» በዚህ ይብቃህ። የቀደሙትን አትስደብ። ለአንተ ያልሆነውን ሥራም ለጓደኛህ አታሻግር።

ከገባህበት በኋላ መውጣት ካስፈለገህ አንድ ቀን ተነስተህ ዕቃህን ጭነህ አትሂድ። ውሉ አልተከበረም ለማለት አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለብህ ሕጉ በቁጥር 1772 ያዛል፤ በጽሑፍ ስጥ፣ ቅጂው ላይ አስፈርም። እስከዚያ ቀን የተሠራውን ከእሱ ጋር ሆናችሁ ለኩ፣ ፎቶ አንሱ፣ የቀረውን ሲሚንቶና ፌሮ ቆጥራችሁ ተፈራረሙ፣ ቁልፉን አስረክብ። ብር ቢይዝብህም የተገጠመ በርና ቧንቧ አትንቀል፤ በአንድ ቀን ከሳሽ መሆንህ ቀርቶ ተከሳሽ ትሆናለህ።

የአንተን ሰው በተመለከተ እንዲህ አድርግ። ሦስቱን ወረቀት ካመጣ፣ ቢያንስ የአንዱን ስልክ ከሰጠህና የቆመውን አርማታ በራሱ ወጪ በመሐንዲስ አስፈትሾ ውጤቱን በጽሑፍ እሰጣለሁ ካለ፣ የነበረውን ሁኔታ የሚገልጽ ቃለ ጉባኤ ከፎቶ ጋር ተፈራርማችሁ፣ ሁለት ምስክር ባለበት ተዋውላችሁ ያዘው። ፍተሻውን እምቢ ካለ ግን ዓርብ ማታውኑ ደውልለት፤ ቅዳሜ ብሩን ይዞ እስኪመጣ አትጠብቅ።

የኮለኖቹን እግርና የፌሮውን ጫፍ በቅርብ አንስተህ ላክልኝ፤ ሜትሩ አጠገቡ ተዘርግቶ ይታይ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልኬን አጠገቤ አድርጌ እጠብቅሃለሁ። ለእማማ ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

የዘወትር ወዳጅህ